ከእሳት በፊት ውሃውን ስለ መለካት

(በሬድዮ ከተነገሩት ንግግሮች)

ስለ እሳት አደጋ ብዙ የሚነገረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። የተቃጠለው ሱቅ ይቈጠራል፤ የጠፋው ንብረት ይገመታል፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ትጋት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ሊሠራ ስለሚቻል አንድ አነስተኛ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ይኸውም በመንገድ ዳር የተተከለው የእሳት አደጋ ቧንቧ በደቂቃ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚሰጥ ተለክቶ ይታወቅ ዘንድ ለከተማው ውሃ አገልግሎት በደብዳቤ መጠየቅ ነው።

ይህ ቧንቧ በተለምዶ ሃይድራንት ይባላል። ከመሬት በታች ከሚሄደው ዋና የውሃ መስመር ጋር የተያያዘና አፉ ሰፊ የሆነ ሲሆን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጎማቸውን የሚያስሩበት ወይም መኪናቸውን የሚሞሉበት ነው። ከሰፈሩ ቦኖ ጋር አንድ አይደለም። ቦኖ የተሠራው እንስራና ጀሪካን እንዲሞላ ነው። ሃይድራንት ግን የብዙ ቤተ ሰብን የዕለት ውሃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንዲያፈስ የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ የታሰበውን ያህል ማፍሰሱ ሳይለካ አይታወቅም።

ነገሩን በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ አድርገን እንመልከተው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተመሠረተች፣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ፣ በጥንቱ ዘመንም የአሞሌ ጨው ንግድ ይካሄድባት የነበረች ከተማ ናት። ዛሬም የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። የአገሩ ዝናብ አብዛኛውን በሐምሌና በነሐሴ ተሰብስቦ ይዘንባል፤ የቀረው የዓመቱ ክፍል ደረቅ ነው። ታላቁ ወንዝ ተከዜ በምዕራብ በኩል ያልፋል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ የያዘው ሐይቅም ወደ ዋግ ቆላ ይዘልቃል። ነገር ግን ይህ ሐይቅ ሞልቶ ሳለ እንኳ ውሃው ከባሕር ወለል በላይ 1,140 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከሰቆጣ ከተማ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተኛ ውሃ ነው ማለት ነው። በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው፤ ዳገቱን ለሚያስብ ግን ሩቅ ነው።

በከተማዋ አቅራቢያ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዓለት የተፈለፈለ ስለ ሆነ ግድግዳውና ጣሪያው እሳትን አይፈራም። የዛሬ ገበያ ግን እንደዚያ አይደለም። በየትኛውም የአገራችን ከተማ ሱቅ በሱቅ ላይ ተደግፎ፣ ጣውላው ከላስቲኩ፣ ጨርቁ ከዘይቱ ጋር ተጐራብቶ ይኖራል። ከአንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ የወጣች ፍንጣሪ የሁሉንም ባለሱቅ ሀብት ልታጠፋ ትችላለች። የዕለት ጉርሱ በዚያች ሱቅ ላይ የተንጠለጠለ ቤተ ሰብ ደግሞ በአንድ ሌሊት ከሻጭነት ወደ ተረጂነት ይወርዳል። በአዲስ አበባም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አጥፍቷል፤ የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ መጥበብም የእሳት አደጋ መኪናዎችን ሥራ እጅግ እንዳስቸገረ በወቅቱ ተነግሯል። መኪና እንደ ልብ በማይገባበት ስፍራ፣ በቅርብ ያለው ቧንቧ ምን እንደሚሰጥ ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ማለት ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፣ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው ለሚኖርበት ከተማ የተቀመጠው ግብ በቀን ለአንድ ሰው 50 ሊትር ውሃ ማድረስ ነበር። በሌላ ወገን አሜሪካውያን ለእሳት አደጋ ቧንቧዎች ባወጡት መመሪያ በደቂቃ 1,900 ሊትር መስጠት የማይችል ቧንቧ ከደካሞቹ ተራ ይመደባል። በደቂቃ 1,900 ሊትር በአንድ ሰዓት 114,000 ሊትር ይሆናል። ይህም ሃያ ሊትር በሚይዘው ጀሪካን ቢሰፈር 5,700 ጀሪካን ነው፤ ወይም በቀን 50 ሊትር ለሚደርሳቸው 2,280 ሰዎች የአንድ ቀን ውሃ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው፣ እሳት በአንድ ሰዓት የሚጠጣው ውሃ ከተማ በሙሉ የሚያስበው ውሃ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ለመጠጥ የሚሆነውና ለእሳት የሚሆነው ውሃ ከአንድ ማጠራቀሚያ የሚወጣ ከሆነ፣ ስለ እሳቱ አስቀድሞ አለማሰብ ስለ መጠጡም አለማሰብ መሆኑን ነው።

«ቧንቧው አለ፤ ሲከፈትም ውሃ ይወጣል፤ መለኪያው ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውሃ ግፊትና በተከፈተ ቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ውሃ ግፊት የተለያዩ ናቸው። ውሃው ቆሞ ሳለ መለኪያው የሚያሳየው የማጠራቀሚያውን ከፍታ ነው፤ ማጠራቀሚያው ከቧንቧው በ10 ሜትር ከፍ ባለ ቍጥር ግፊቱ በአንድ ባር ያህል ይጨምራል። የመስመሩ መጥበብ፣ የዝገቱ መብዛት፣ ተዘግቶ የተረሳው ቫልቭ በዚህ ጊዜ አይታይም። ብዙ ውሃ መሄድ ሲጀምር ግን እነዚህ ሁሉ ይገለጣሉ፤ ግፊቱም ይወድቃል። በቆመ ግፊት ብቻ የተማመነ ሰው፣ በሬውን በበረት አይቶ ጉልበቱን የመሰከረ ገበሬ ይመስላል። የበሬ ጉልበት የሚታወቀው ቀንበር ሲሸከም ነው።

የደጋ ከተማ ጠባይ ነገሩን ይበልጥ ያጠነክረዋል። ለምሳሌ ማጠራቀሚያው ከታችኛው ሰፈር 50 ሜትር፣ ከላይኛው ሰፈር ግን 10 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው እንበል። በታችኛው ሰፈር የቆመው ውሃ ግፊት 5 ባር ያህል ሲሆን በላይኛው ሰፈር አንድ ባር ብቻ ይሆናል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ቧንቧዎች እንደ ሁለት አገር ይለያያሉ ማለት ነው። ስለዚህ የአንዱን ውጤት ለሌላው መገመት አይገባም።

ይህ ችግር በድኻ አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰልዎ። በ2017 ዓ.ም. በእኛ የገና ዕለት በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ በተባለው ኮረብታማ ሰፈር ታላቅ ቃጠሎ ተነሣ። ለሰፈሩ ውሃ የሚሰጡት ሦስት ማጠራቀሚያዎች እያንዳንዳቸው 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዙ ነበር። የውሃው ፍላጎት ከዘወትሩ አራት እጥፍ ሆኖ ለ15 ሰዓት ስለ ቈየ፣ በማግሥቱ ሳይነጋ ሦስቱም ባዶ ሆኑ፤ በከፍተኛው ስፍራ ያሉት ሃይድራንቶችም ደረቁ። በአቅራቢያው ያለው ሌላ ትልቅ ማጠራቀሚያ ደግሞ ለጥገና ተብሎ ባዶ ሆኖ ነበር። የሀብታም ከተማ ኮረብታ ይህ ከደረሰበት፣ የእኛ ኮረብታ ከዚህ ትምህርት ሊወስድ ይገባል።

ውሃው እያለም ሥራው ሊበላሽ ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. በየካቲት ወር የባልቲሞር ከተማ ስትቃጠል ከዋሺንግተንና ከፊላዴልፊያ፣ ከሌሎችም ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለእርዳታ ደርሰው ነበር። ነገር ግን የብዙዎቹ ጎማ መጋጠሚያ በከተማው ሃይድራንት ላይ አልገጥም አለ። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ተቃጠሉ። አሜሪካውያን ስለ መጋጠሚያዎች ልክ አንድ ደንብ ለማውጣት የተጣደፉት ከዚህ በኋላ ነው። ሰቆጣ እሳት ቢነሣባት ከሌላ ከተማ የሚመጣ መኪና ያስፈልጋት ይሆናል፤ የመኪናው ጎማ በቧንቧው ላይ ይገጥም እንደ ሆነ አስቀድሞ መሞከር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ልኬቱ እንዴት እንደሚደረግ ባጭሩ እንግለጽ። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ተቀራራቢ ሃይድራንቶች ይመረጣሉ። በአንደኛው ላይ የግፊት መለኪያ ይታሰራል፤ እርሱ ውሃ አያፈስም። መጀመሪያ ሁለቱም ተዘግተው ሳሉ የቆመው ውሃ ግፊት ይነበባል፤ ይጻፋል። ቀጥሎ ሁለተኛው ሃይድራንት በዝግታ ተከፍቶ ውሃው በሙሉ ኀይሉ ይለቀቃል። በዚያን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ የሚነበበው ቀሪ ግፊት ይባላል። ከሁለተኛው አፍ የሚወጣው ውሃ ኀይል ደግሞ ፒቶ በሚባል ቀጭን መለኪያ ይለካል። ይህን መለኪያ በ1732 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያስገኘው አንሪ ፒቶ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው፤ መጀመሪያ የሞከረውም በፓሪስ የሚያልፈውን የሴንን ወንዝ ፍጥነት ለማወቅ ነበር።

ሒሳቡን መሐንዲሱ ያውቀዋል፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው ውጤቱን መረዳት ነው። የሃይድራንቱ አፍ ስፋት 65 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ፒቶው ግማሽ ባር ቢያሳይ፣ የሚወጣው ውሃ በደቂቃ 1,790 ሊትር ያህል ነው። በዚሁ ጊዜ በሌላው ሃይድራንት ላይ ግፊቱ ከ5 ባር ወደ 3.5 ባር ወርዶ ከሆነ፣ መስመሩ ግፊቱ እስከ 1.4 ባር ድረስ ሲወርድ በደቂቃ 2,870 ሊትር ያህል ሊሰጥ እንደሚችል በሒሳብ ይገኛል። ከ1.4 ባር በታች እንዳይወርድ የሚጠነቀቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ግፊቱ እጅግ ከወደቀ መስመሩ በስንጥቁ በኩል የውጭውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል፤ እሳት ሲጠፋ በሽታ ይነሣል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ፒቶ የሌለው መሥሪያ ቤት ሥራውን መተው የለበትም። መጠኑ የታወቀ ቦቴ አቅርቦ፣ ሰዓት ይዞ መሙላት ይበቃል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በ8 ደቂቃ ቢሞላ ቧንቧው በደቂቃ 1,250 ሊትር ሰጥቷል። ይህ ዘዴ የፒቶን ያህል ረቂቅ ባይሆንም ከግምት እጅግ ይሻላል። ሌላም ታላቅ ጥቅም አለው፤ ውሃው መሬት ላይ አይፈስም።

እዚህ ላይ በዋግ ኽምራ ከሁሉ በፊት ሊነሣ የሚገባውን ጥያቄ እናነሣለን። እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ወረፋ በሚጠብቁበት አገር ውሃን ለሙከራ ማፍሰስ ተገቢ ነውን? የከተማዋ ስም በ2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ለተባለው የመንግሥት ውሳኔ መጠሪያ ሆኗል፤ ቃል ኪዳኑም የሕፃናትን መቀንጨር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት የተገባ ነው። ንጹሕ ውሃም ከቃል ኪዳኑ ሥራዎች አንዱ ነው። በደቂቃ 1,790 ሊትር የሚያፈስ ሃይድራንት ለሦስት ደቂቃ ቢከፈት ወደ 270 ጀሪካን ውሃ ይወጣል። ይህን በቦይ ማፍሰስ በሕዝቡ ዘንድ ቅሬታን ያስነሣል፤ ቅሬታውም እውነት አለው። መልሱ ግን አለመለካት ሳይሆን ውሃውን ተቀብሎ መለካት ነው። በቦቴ የተቀዳው ውሃ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት ማጠራቀሚያ ወይም ለችግኝ ይውላል። ያልተለካ ቧንቧ በእሳት ቀን የሚያባክነው ውሃና ንብረት ከዚህ ጋር አይመዛዘንም።

እንግዲህ ጥያቄው እንዴት ይጻፍ? የመንግሥት ሠራተኛ እንደሚያውቀው በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይቀራል። ጠያቂው ማዘጋጃ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም ሕንፃ የሚሠራ ሰው ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው አጭር ሆኖ ነገሩን በሙሉ መያዝ አለበት። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይቻላል፦

«ለከተማው ውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የእሳት አደጋ ቧንቧ የውሃ ፍሰት እንዲለካልን ስለ መጠየቅ። በዋናው ገበያ መግቢያ ላይ የሚገኘው የእሳት አደጋ ቧንቧ ለገበያውና ለአካባቢው መሥሪያ ቤቶች መከላከያ የሚሆን ውሃ መስጠት መቻሉን ለማወቅ እንፈልጋለን። ስለዚህ የቆመው ውሃ ግፊት፣ ቀሪው ግፊትና በደቂቃ የሚወጣው ውሃ ተለክቶ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጠቅሶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን። በልኬቱ ጊዜ ማጠራቀሚያው ምን ያህል ሞልቶ እንደ ነበር፣ ፓምፑ ይሠራ እንደ ነበርና የፈረቃው ተራ የየትኛው ሰፈር እንደ ነበር እንዲገለጽልን፤ የእሳት አደጋ መኪናው ጎማ በቧንቧው ላይ መግጠሙም አብሮ እንዲሞከር፤ የሚወጣው ውሃ በቦቴ ተቀድቶ ለአገልግሎት እንዲውልም እናሳስባለን። ወጪ ካለው አስቀድሞ ይገለጽልን። ግልባጭ፦ ለማዘጋጃ ቤት፣ ለእሳት አደጋ ክፍል።»

ስለ ፈረቃው የተጠየቀው ለከንቱ አይደለም። ውሃ ለሌላው ሰፈር በሚሰጥበት ቀን ቧንቧው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ እሳት ደግሞ ተራ ጠብቆ አይነሣም። ስለዚህ በፈረቃ ቀን የተገኘው መልካም ውጤት ብቻ ከተመዘገበ መዝገቡ ራሱ ሰውን ያታልላል። በተራው ቀንና ተራው ባልሆነ ቀን ያለው ሁኔታ፣ ደግሞም ቫልቩን ከፍቶ ውሃውን ወደ ገበያው ለማዞር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና ቍልፉ በማን እጅ እንደሚያድር በግልጽ መጻፍ አለበት።

ከውሃ አገልግሎቱ በኩልም ጥንቃቄ ይፈለጋል። ሃይድራንት የሚከፍተውና የሚዘጋው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ብቻ ነው። በድንገት የተዘጋ ውሃ በመስመሩ ውስጥ እንደ መዶሻ መትቶ ቧንቧ ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ መክፈቱም መዝጋቱም በዝግታ ይሁን። ለረጅም ጊዜ የተኛ ዝቃጭ ስለሚነሣ ውሃው ለጥቂት ጊዜ ሊደፈርስ ይችላል፤ ለሰፈሩ ሰው አስቀድሞ ይነገር።

«በከተማችን ሃይድራንት ባይኖርስ?» ለሚል ሰው መልሱ ደብዳቤው አይቅር ነው። የሚለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው፦ ቦቴ ሊሞላበት የሚችል ቅርብ ስፍራ የት ነው? በስንት ደቂቃ ይሞላል? በማጠራቀሚያው ውስጥ ለእሳት ተብሎ የማይነካ ውሃ ተቀምጧልን? በአምደወርቅም ሆነ በሌላ አነስተኛ ከተማ ያለ ጽሕፈት ቤት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጽፎ ሊጠይቅ ይችላል።

ውጤቱ ሲደርስ በፋይል ውስጥ ታስሮ እንዳይቀር ያስፈልጋል። በአንዳንድ አገሮች የሃይድራንቱ ራስ እንደ ጉልበቱ ቀለም ይቀባል፤ በአሜሪካውያን መመሪያ በደቂቃ ከ1,900 ሊትር በታች የሚሰጠው ቀይ ነው። በሌሊት የደረሰ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፋይል አይገልጥም፤ ቀለሙን ግን ያያል። ውጤቱ በከተማው ካርታ ላይ ይመዝገብ፤ የገበያው ጠባቂዎችም ይወቁት። መስመር ሲቀየር ወይም ሲቀጠል፣ ያም ባይሆን በየአምስት ዓመቱ ልኬቱ ይደገም። ደካማ ውጤት ቢገኝ እንኳ ትርፍ ነው፤ ለምን ደከመ ተብሎ ሲፈለግ ተዘግቶ የተረሳ ቫልቭ ሊገኝ ይችላል፤ መስመሩ ጠብቦ ከሆነም ለበጀት ጥያቄው እውነተኛ ማስረጃ ይሆናል። «ውሃ አነሰን» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ስፍራ በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ብቻ ተገኘ» የሚል ወረቀት በበጀት ሰብሳቢው ፊት ይከብዳል።

የተከበሩ አንባቢ ሆይ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ድፍረቱን ይዞ ይመጣል፤ ውሃውን የሚያገኘው ግን በከተማው ነው። የቧንቧው መኖር ውሃ ለመኖሩ ዋስትና አይደለም፤ ዋስትናው ልኬቱ ነው። ጠረጴዛዎ ላይ ወረቀትና ማኅተም ካለ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ ወይም በከተማዎ ገበያ ስላለው ቧንቧ ነገ ጠዋት አንድ ደብዳቤ ያስጽፉ። መልሱ እስኪመጣም ቍጥሩን መዝግበው ይከታተሉ።